ቫሎራንት አንድ ጨዋታ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሁለት ቡድን ስለሚታኮስበት የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ስለ ቫሎራንት፣ ሒሳብ መክፈያው ጋ በየቀኑ የምንሰማው ጥያቄ «አንድ ጨዋታ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» የሚል ነው። ባጭሩ ስንመልስ «እንደ ጨዋታው ዓይነት» እንላለን፤ ሰዓት ለሚገዛ ሰው ግን ይህ መልስ አይበቃም። 30 ደቂቃ ገዝቶ ኮምፔቲቲቭ (ለደረጃ ነጥብ የሚደረገውን ጨዋታ) የሚጀምር ተጫዋች ጊዜው የሚያልቅበት ውጤቱ 8 ለ 6 ወይም እዚያ አካባቢ ላይ ሳለ ነው። ጥሎ ሲወጣ አራት ጓደኞቹ ከአምስት ተጋጣሚ ጋር ይፋጠጣሉ፣ የደረጃ ነጥቡ ይቀንሳል፣ አካውንቱም ለተወሰነ ጊዜ ኪው (ተጋጣሚ የሚጠበቅበት ወረፋ) እንዳይገባ ይታገዳል። ይህ እንዳይደርስባችሁ የጊዜውን ሒሳብ ዘርዘር አድርገን እናስረዳለን።

መጀመሪያ አንድ ልዩነት ያዙልን። በቫሎራንት አንዳንዱ ጨዋታ የሚያልቀው በሰዓት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ በዙር ብዛት። በሰዓት የሚያልቀው ከተባለለት ደቂቃ አያልፍም። በዙር የሚያልቀው ግን ተጋጣሚዎቹ በተቀራረቡ ቁጥር ይረዝማል፤ ጥሩ ጨዋታ ማለት ረጅም ጨዋታ ማለት ነው።

በሰዓት የሚያልቁት ሦስት ናቸው። ዴዝማች አንድ ሰው 40 ሲገድል ወይም 9 ደቂቃ ሲሞላ ያበቃል። ቲም ዴዝማች አምስት ለአምስት ሆኖ አንዱ ቡድን 100 ሲገድል፣ ካልሆነም በ9 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይዘጋል። ኢስካሌሽን 12 የመሣሪያ ደረጃዎች ያሉት ሲሆን ጣሪያው 10 ደቂቃ ነው። 15 ደቂቃ የቀረው ሰው ከእነዚህ አንዱን ያለ ስጋት መጀመር ይችላል።

በዙር ከሚያልቁት አጭሩ ስፓይክ ራሽ ነው። 4 ዙር ያሸነፈ ይወስዳል፣ ቢበዛ 7 ዙር ነው፣ የዙሩ ሰዓትም 80 ሰከንድ ብቻ ነው። ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ያዙለት። ስዊፍትፕሌይ 5 ዙር የቀደመ የሚያሸንፍበት ነው፤ ከ4 ዙር በኋላ ጎን ይቀየራል፣ 4 ለ 4 ከሆነ ዘጠነኛው ዙር ይለያል። 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የኮምፔቲቲቭን ጣዕም እየፈለገ ሰዓት ላጠረው ሰው ከሁሉም በላይ የምንመክረው ይህንን ነው፤ ስፓይክ (አጥቂዎች የሚተክሉት፣ ተከላካዮች የሚያከሽፉት ቦምብ) መትከሉ፣ ማክሸፉ፣ መሣሪያ መግዛቱ ሁሉም አለበት።

አንሬትድ (የደረጃ ነጥብ የሌለው) እና ኮምፔቲቲቭ ሁለቱም 13 ዙር የቀደመበት ጨዋታ ናቸው። ግማሹ 12 ዙር ነው፤ ከዚያ አጥቂ ተከላካይ፣ ተከላካይም አጥቂ ይሆናል። ሰዓት የሚበላው እዚህ ስለሆነ የአንድ ዙርን ውስጥ ገልጠን እንይ።

ዙሩ የሚከፈተው በመግዣ ጊዜ ነው፤ 30 ሰከንድ። የየግማሹ የመጀመሪያ ዙር ላይ 45 ሰከንድ ይሆናል። ቀጥሎ የ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንዱ የዙር ሰዓት ይጀምራል። ስፓይኩን ለመትከል 4 ሰከንድ ይፈጃል፤ ልክ እንደተተከለ የዙሩ ሰዓት ይቀርና የ45 ሰከንድ የፍንዳታ ቆጠራ ይተካዋል። ለማክሸፍ 7 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ ግማሹ ላይ የደረሰ ሰው ቢያቋርጥ እንኳ ግማሹ ይያዝለታል። እንግዲህ አጥቂዎቹ በመጨረሻዋ ሰከንድ ተክለው ስፓይኩ እስኪፈነዳ ቢጠበቅ፣ 30 እና 100 እና 45 ተደምሮ 175 ሰከንድ ይመጣል። ከዙሩ በኋላ ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ስትጨምሩ አንድ ዙር 3 ደቂቃ ሊነካ ይችላል። አምስቱ አጥቂዎች ሳይተክሉ በ20 ሰከንድ ካለቁ ደግሞ ዙሩ መግዣውን ጨምሮ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ርዝመቱን የሚወስነው ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ተከላካዮች በሙሉ ከሞቱ ዙሩ ወዲያው ያልቃል። አጥቂዎች በሙሉ ቢሞቱም ስፓይኩ አስቀድሞ ከተተከለ ዙሩ አያልቅም፤ ወይ ይከሽፋል ወይ ይፈነዳል። ገንዘብ የሌለው ቡድን በሽጉጥ ተሰብስቦ ሲሮጥ ዙሩ ያጥራል። ውድ መሣሪያ ይዞ ብቻውን የቀረ ተጫዋች መሣሪያውን ለቀጣዩ ዙር ለማትረፍ ሲደበቅ፣ ተጋጣሚዎቹም ሲያሳድዱት ሰዓቱ እስከ መጨረሻ ይነዳል።

እኛ ለማስላት የምንይዘው በአማካይ መግዣውን ጨምሮ ለአንድ ዙር 100 ሰከንድ ነው። በዚህ ሒሳብ 13 ለ 0 ያለቀ ጨዋታ 22 ደቂቃ ገደማ፣ 13 ለ 7 ያለቀ 33 ደቂቃ፣ 24ቱንም ዙር የጨረሰ 40 ደቂቃ ይሆናል። ጠንቃቃ ቡድኖች ሲገናኙ አማካዩ ወደ 2 ደቂቃ ይጠጋል፤ ያኔ 24 ዙር 48 ደቂቃ ነው።

12 ለ 12 ሲሆን ሁለቱ ዓይነቶች ይለያያሉ። አንሬትድ ላይ አንድ ዙር ብቻ ተጨምሮ ያሸነፈ አሸነፈ። ኮምፔቲቲቭ ላይ ግን በሁለት ዙር ልዩነት ማሸነፍ ግድ ነው፤ 14 ለ 12፣ 15 ለ 13፣ 16 ለ 14 እያለ ይቀጥላል። ከእያንዳንዱ ጥንድ ዙር በኋላ በአቻ እንውጣ ወይ የሚል ድምፅ ይሰጣል፤ ለአቻ የሚያስፈልገው የድምፅ ብዛትም በየጥንዱ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ የኦቨርታይም (የተጨማሪ ዙር) ጥንድ ከ3 ደቂቃ በላይ ይጨምራል ብላችሁ አስሉ። 40 ደቂቃ የገዛ ሰው 12 ለ 12 ላይ የሚጨነቀው ለዚህ ነው፤ በእኛ እምነት ከጨዋታው ሁሉ የሚጣፍጠው ሰዓት ላይ አንድም ተጫዋች ሒሳብ ሊያስብ አይገባውም።

«ካልሆነ ሰረንደር (እጅ ሰጠን) እንላለን» ብላችሁ አትተማመኑ። ሰረንደር የሚፈቀደው ጥቂት ዙሮች ካለፉ በኋላ ነው፤ ኮምፔቲቲቭ ላይ አምስቱም መስማማት አለባቸው። አንሬትድ ላይ አራቱ ይበቃሉ። ብቻችሁን ገብታችሁ ከማታውቋቸው አራት ሰዎች ጋር ከተመደባችሁ፣ የእናንተ ሰዓት አለቀ ብሎ እጁን የሚሰጥ ማንም የለም።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሚሄደውንም ደቂቃ ቁጠሩት። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ከአዲስ ኮምፒውተር ስትገቡ የራየት (የጨዋታው ሠሪ ኩባንያ) አካውንታችሁ ኮድ ወደ ኢሜይላችሁ ሊልክ ይችላል፤ ኢሜይሉ የሚከፈትበት ስልክና ዳታ ይዛችሁ ኑ፣ የይለፍ ቃሉንም አስታውሱ። የጨዋታው ማጭበርበር መከላከያ ቫንጋርድ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ መነሳት አለበት፤ ማንም ሰው ከታች ካለው ምልክት ቢዘጋው ኮምፒውተሩ ዳግም ካልተነሳ ቫሎራንት አይከፈትም። እባካችሁ አትዝጉት። አዲስ ማሻሻያ ሲወጣም ሳይወርድ መጫወት አይቻልም፤ እኛ ጠዋት ከመክፈታችን በፊት እናወርዳለን፣ በቀን የወጣ ከሆነ ግን ማውረዱ እስኪያልቅ ሰዓታችሁን አንጀምርም።

ከዚያ ኪው አለ፣ ኤጀንት (የምትጫወቱበት ገጸ ባሕሪ) መምረጫ አለ፣ ካርታው እስኪጫን መጠበቅ አለ። ለምርጫውና ለመጫኑ 3 ደቂቃ ያዙ። ኪው ግን እንደ ሰዓቱና እንደ ደረጃችሁ ይለያያል። ሰርቨር የመምረጫው ቦታ ላይ ባህሬንን ብቻ ብትመርጡ ኪው ሊረዝም ይችላል፤ ኢስታንቡልንም ብትጨምሩ ተጋጣሚ ቶሎ ይገኛል፣ ምርጫው ግን ከፒንግ (ከሰርቨሩ ጋር መልእክት ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ጋር መታየት አለበት። ከመምረጣችሁ በፊት የሁለቱንም ፒንግ እዚያው ተመልከቱ። ኤጀንት መምረጫ ላይ ሐሳብ ቀይሮ መውጣትም ያስቀጣል፣ ነጥብም ያስቀንሳል፤ ሰዓት እንደማይበቃ የምታስቡት ኪው ከመጫናችሁ በፊት ይሁን።

በቡድን የምትመጡ ደግሞ ይህን አስተውሉ፦ ኮምፔቲቲቭ ብቻውን የገባን፣ ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት ሰው ይቀበላል። አራት ሆናችሁ ከመጣችሁ አይገባም። አራት ኮምፒውተር ይዞ አምስተኛውን ጓደኛ እየጠበቁ ሰዓት ማቃጠል ያሳዝነናል፤ እስኪመጣ ስዊፍትፕሌይ ተጫወቱ። የአካውንት ደረጃው (ሌቭሉ) 20 ያልደረሰ አዲስ አካውንትም ኮምፔቲቲቭ አይከፈትለትም።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ጨዋታው ያለው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ አይቆምም፤ ገጸ ባሕሪያችሁ ባለበት ቆሞ ይቀራል። ኮምፒውተሮቹም የኢንተርኔት ሞደሙም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ተርፎ ሞደሙ ቢጠፋ ዋጋ የለውምና። ቢሆንም ከጠፋባችሁ አትደንግጡ፣ አካውንታችሁን መልሳችሁ ክፈቱ፤ ጨዋታው ካላለቀ ራሱ መልሳችሁ እንድትገቡ ይጠይቃል። ከመነሳት እስከ መመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይወስዳል፣ ይህም ሁለት ወይም ሦስት ዙር ነው። ሌላ ጨዋታ ለመጀመር አትሞክሩ። አንድ የቡድናችሁ ሰው ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ካልተገኘ ደግሞ በሁለተኛው ዙር ሪሜክ የሚል ድምፅ መስጠት ትችላላችሁ፤ ሲጸድቅ ጨዋታው ይሰረዛል።

ከሌላው የተኩስ ጨዋታ ከካውንተር ስትራይክ 2 ለምትመጡ አንድ ነገር እንጨምር። እዚያም 13 የቀደመ ነው የሚያሸንፈው፤ የቀድሞው ሲኤስ ጎ ግን 16 ነበር። ዙሩ 1 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ፣ ቦምቡ 40 ሰከንድ ነው፤ የሁለት ለሁለቱ ዊንግማን 9 የቀደመበት ስለሆነ በብዙ ያጥራል።

ወላጆችም ይህን ደብዳቤ ስለምታነቡት አንድ ቀላል ስሌት እንስጣችሁ። ልጃችሁ «አንድ ጨዋታ ብቻ» ሲል የጨዋታውን ዓይነት ጠይቁት። አንሬትድ ወይም ኮምፔቲቲቭ ከሆነ ከስክሪኑ አናት መሐል ላይ ያለውን ውጤት እዩ። ከ13 ላይ ትልቁን ቁጥር ስትቀንሱ ቢያንስ የቀረውን ዙር፣ ከ24 ላይ የሁለቱን ድምር ስትቀንሱ ኦቨርታይም ካልመጣ ቢበዛ የቀረውን ዙር ታገኛላችሁ። 9 ለ 6 ከሆነ ቢያንስ 4፣ ቢበዛ 9 ዙር ቀርቷል፤ ከ7 እስከ 15 ደቂቃ ማለት ነው። ልጁ አልዋሸም፣ እሱም ራሱ መቼ እንደሚያልቅ አያውቅም። መሐል ላይ አስነስቶ መውሰድ ግን ሌሎቹን አራት ልጆች ስለሚጎዳ፣ ጊዜ ሲያጥር ስዊፍትፕሌይ ወይም ዴዝማች ጀምር ብትሉት ሁሉም ይስማማል።

ከዚህ ተነስተን የሚከተለውን አድርገናል። ኮምፔቲቲቭ ለሚጫወት ቢያንስ የ60 ደቂቃ ሰዓት እንሸጣለን፤ ስዊፍትፕሌይና ከዚያ በታች ላሉት 30 ደቂቃ ይበቃል። ጨዋታ ላይ ሳላችሁ ሰዓታችሁ ቢያልቅ ስክሪኑ አይዘጋም፤ ጨዋታው ሲያበቃ ተጨማሪውን በደቂቃ ቆጥረን እናስከፍላለን፣ አዲስ ኪው ግን አይጀመርም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ስለምንዘጋ ኮምፔቲቲቭ ኪው የሚጀመረው እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ ስዊፍትፕሌይ እስከ 2 ሰዓት ከ30 ነው። ሰዓታችሁ ሊያልቅ 20 ደቂቃ ሲቀረው ባልደረቦቻችን መጥተው ይነግሯችኋል፤ ያኔ የቱን ጨዋታ መጀመር እንደምትችሉ ጠይቋቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጌም ቤቱ ባልደረቦች