የበሩን ሰው በምን እንጥራ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በር ላይ የሚቆሙ ሰዎችን ስለምንጠራበት ስም ጥቂት ልበል። በድሮው ቤተ መንግሥት በር መጠበቅ ሹመት ነበር። እልፍኝ አስከልካዩ ሳይፈቅድ ንጉሡ ዘንድ አይገባም። አጋፋሪው ደግሞ በግብር ጊዜ ታዳሚውን እንደ ማዕረጉ ያስገባል፣ ያስተናግዳል። ከትልልቆቹ የጦር ማዕረጎች አንዱ የሆነው ደጃዝማች እንኳ ስሙ የሚጀምረው ከ«ደጅ» ነው። ዘበኛም የተናቀ ቃል አልነበረም። በ1953 ዓ.ም. በታኅሣሥ ግርግር ስሙ የገነነው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር «ክብር ዘበኛ» ነበር የሚባለው።

ዛሬ ግን «ዘበኛ» ስንል ድምፃችን ይለወጣል። ቃሉ ምንም አላጠፋም፤ ያዋረድነው እኛ ነን። መሥሪያ ቤቶች «ጥበቃ» ማለት ጀምረዋል። አሳባቸው ደግ ነው፤ ግን ጥበቃ የሥራው ስም እንጂ የሰው ስም አይደለም። «በረኛ»ን ደግሞ እግር ኳስ ወስዶታል፤ ማንም ሲሰማው የሚታየው ግብ ጠባቂው ነው። እኔ «የጥበቃ ሠራተኛ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ቢረዝምም ሰውየውን ሰው ያደርገዋል።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ግሱ ነው። በዜና ላይ ሥራ አስኪያጁ «ተናገሩ» ይባላል። ቀጥሎ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አባት፣ በር ላይ ስለቆሙ ብቻ፣ «ተናገረ» ይባላሉ። እባካችሁ፣ በእናንተ ገጽ ላይ ለሁለቱም «ተናገሩ» በሉ።

አክባሪያችሁ፣
ከአዲስ አበባ