የሥነ ጽሑፍ ክበብ፦ ከአን ብራድስትሪት ጋር የከረምንበት ዓመት

ኅዳር ላይ ነው፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ። ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ተሰብስበን ስለተቃጠለ ቤት የተጻፈ ግጥም እናነባለን። ገጣሚዋ በፍርስራሹ በኩል ባለፈች ቁጥር ዓይኗ እዚያው ይቀራል። እዚህ ጋ ሳጥኑ ነበር፣ እዚያ ጋ የምሳሳለት ዕቃዬ። ከእንግዲህ በዚህ ጣሪያ ሥር እንግዳ አይቀመጥም፣ ከገበታው አይቀምስም፣ ወግ አይወጋም፣ የሙሽራ ድምፅ አይሰማም ትላለች። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቀና ብላ «መምህር፣ ይሄማ ሙሾ ነው» አለች። ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ቃል አልወጣንም።

አን ብራድስትሪት በ1612 እንግሊዝ ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ16 ዓመቷ ገደማ አገባች። በ1630 ከባሏና ከወላጆቿ ጋር አርቤላ በምትባል መርከብ አሜሪካ ወዳለው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ ወደ ማሳቹሴትስ ተሻገረች። ወገኖቿ ፒዩሪታኖች ነበሩ፤ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን እናጥራ የሚሉ፣ በእምነታቸው ጥብቅ ሰዎች። ስምንት ልጆች ወለደች። ቤቷ የነደደው ጁላይ 10 ቀን 1666 ሌሊት ነው።

እሳቱን ቆማ እያየች የሰጠውንና የነሣውን አምላክ ስም ባረክሁ ትላለች። ተማሪዎቹ ወዲያው ያዙት። ለቅሶ ቤት ሲባል የሰሙት የኢዮብ ቃል ነዋ፦ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ»። ሙስሊም ተማሪዎቻችን ደግሞ እነሱ ቤት «ኢንና ሊላሂ» እንደሚባል ነገሩን። እኔን የነካኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ስሙን ባርካ ዝም አላለችም። ተመልሳ ሳጥኑን ቆጠረች። ከዚያ ደግሞ ሀብትሽ ምድር ላይ ነበር እንዴ ብላ ልቧን ገሠጸች። ሁለት ልጆች «እምነቷ ቢጠና ኖሮ አታለቅስም ነበር» ብለው ተከራከሩ። እኔ አይመስለኝም። ያመነ ሰው ነው እንዲህ በግልጽ የሚያለቅሰው። ትርጉሙ አደከመን። «ሳጥን» እንበል «ሙዳይ» በሚለው ብቻ አንድ ረቡዕ አለቀ።

ጥር ላይ ለባሏ የጻፈችውን የፍቅር ግጥም ያዝን። ጥብቅ ሃይማኖተኛ ሴት እንዲህ ትጽፋለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ወንዶቹ መጀመሪያ ተሽኮረመሙ፣ በኋላ ግን በወል ቤት ሞከሩት፦

ሁለት ሰው አንድ ሆኖ በዓለም ከታየ፣
እኛ ነን የኔ ውድ፤ ማንስ እኛን ለየ?

«ማንስ ለየ» የሚለው እሷ ጋ የለም። ግን ባሏ ሳይመን በቅኝ ግዛቱ ሥራ ብዙ ጊዜ ከቤት ስለሚርቅ ተውነው።

በ1650 የእህቷ ባል ግጥሞቿን ሳያስፈቅዳት ለንደን ወስዶ አሳተማቸው። እሷም መጽሐፏን ቡትቶ ለብሶ አደባባይ እንደወጣ ልጅ አድርጋ ገጠመችለት። ፊቱን ባጥበው ሌላ እንከን ይታየኛል ትላለች። ይህን ስናነብ ልቤ ደነገጠ። በጥቅምት የአንዲት ተማሪያችንን ግጥም ሳላስፈቅዳት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌ ነበር። ደስ ይላታል ብዬ ነው። በዚያው ዕለት ሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። ሰኞ ያስተካከለችውን ቅጂ ራሷ ይዛ መጣች። አራት መስመር ቀይራለች። አሁን የተሻለ ነው።

በወላጆች ቀን የቤቱን ግጥም በሚኒ ሚዲያ አሰማን። ስድስት ግጥሞች የተተረጎሙበት ደብተር ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አለ፣ ማንም ተውሶ ሊያነበው ይችላል።

ያልጨረስነው ለልጆቿ የጻፈችው ደብዳቤ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ እውነት ስለመሆኑ፣ አምላክም ስለመኖሩ ጥርጣሬ ገብቶባት እንደነበር ሳትደብቅ ትነግራቸዋለች። «እናት ለልጇ ይህን ትናገራለች?» የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ክርክሩ ሳያልቅ ደወል ተደወለ። በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና ነበር። መስከረም ላይ ከዚያው እንቀጥላለን።