ቦርሳሽ ውስጥ ተደብቆ የሚገባ ነገር የለም

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

በስልክ የጀመርነውን የሎኬሽን ወሬ በጽሑፍ ልጨርሰው ብዬ ነው። በስልክ ሲሆን እኔ እፈጥናለሁ፣ አንቺ «እሺ፣ እሺ» ትያለሽ፣ ከዚያ ሁለታችንም እንረሳዋለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ትንሿ ልጅሽ ቁልፍና ቦርሳ መጥፋት ሲያሰለችሽ አይታ፣ «ዕቃ የት እንዳለ በስልክ የሚያሳይ ትራከር ገዝተን ሳንነግራት ቦርሳዋ ውስጥ እንክተተው፤ በዚያው የት እንዳለችም እናያለን» አለችኝ። ክፋት አስባ አይደለም፣ ስለምትሳሳልሽ ነው። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ሰው የገዛ እናቱን ተደብቆ አይከታተልም። ትራከር ከተገዛ የሚመዘገበው በአንቺ ስልክ፣ በአንቺ አካውንት ነው። ደግሞ ብንደብቀውም የራስሽ ስልክ ሊያሳብቅብን ይችላል፤ እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

«ሎኬሽን ሲበራ ሳተላይቱ ያየኛል» ብለሽኝ ነበር። አያይሽም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓቱንና ያሉበትን ቦታ ያስተላልፋሉ እንጂ ከስልክሽ ምንም አይቀበሉም። ስልኩ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት ይቀበልና የት እንዳለ ራሱ ያሰላል። ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ በአካባቢው ካሉ ዋይፋዮችና የኔትወርክ ማማዎች ተነስቶ ይገምታል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስልኩ ያወቀውን ለየትኛው አፕ ይናገራል? እዚህ ላይ አዛዧ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ሎኬሽንን ጠቅልለሽ አታጥፊው። ካጠፋሽው ስልኩ ሲሰረቅ መፈለግ ይከብዳል፣ ካርታውም መንገድ አይመራሽም። ይልቅ ሴቲንግ ውስጥ «ሎኬሽን» የሚለውን ክፈቺና አፖቹን አንድ በአንድ እያቸው። ብዙውን ጊዜ ምርጫው ሁልጊዜ፣ አፑን ስጠቀም ብቻ፣ በየጊዜው ጠይቀኝ፣ አትፍቀድ የሚል ነው። ለካርታና ለታክሲ መጥሪያ «ስጠቀም ብቻ» ይበቃል። የአየር ሁኔታ የሚነግርሽ አፕ ከተማሽን ካወቀ መች አነሰው? የቤትሽን በር ማወቅ የለበትም። ከአይፎኑ አይኦኤስ 14 እና ከሌሎቹ ስልኮች አንድሮይድ 12 ወዲህ «ትክክለኛ ሎኬሽን» የምትል ማብሪያ ማጥፊያ አለች፤ ለእንዲህ ያሉት እሷን አጥፊባቸው። የእጅ ባትሪ የሚያበራ አፕ ሎኬሽን ከጠየቀሽ ግን ከነጭራሹ ከስልክሽ አስወጪው። የት እንዳለሽ ማወቅ ምን ያደርግለታል?

ይህን ስልሽ ማጋነን እንዳይመስልሽ። ስትራቫ የሚባለው የሩጫ አፕ የተጠቃሚዎቹን የሩጫ መስመሮች በአንድ ካርታ ላይ ሰብስቦ አውጥቶ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ሰዎች ካርታውን ልብ ብለው ሲያዩት፣ ወታደሮች በየጦር ሰፈራቸው የሮጡበት መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ማንም ሰላይ አልላከም። ሎኬሽኑን ለስፖርት ብለው ራሳቸው ነበሩ ያበሩት።

ለእኛ «መንገድ ላይ ነኝ» ለማለት በዋትስአፕ ቀጥታ ሎኬሽን ስትልኪ 15 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት ወይም 8 ሰዓት ምረጪ ይልሻል። አጭሩን ምረጪ። ብዙ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አትላኪ፤ ግሩፑ ውስጥ እነማን እንዳሉ አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም።

አሁን ወደ ትራከሩ። ኤርታግ አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሳንቲም የሚያህል ትራከር ነው፤ ሌሎች ኩባንያዎችም የራሳቸው አላቸው። ኤርታግ ውስጥ ጂፒኤስ የለም። በብሉቱዝ ደካማ ምልክት ይሰጣል፤ በአጠገቡ የሚያልፍ የማንም ሰው አይፎን ምልክቱን ይሰማና ለባለቤቱ ያደርስለታል፤ አላፊው ሰውዬ ምንም አያውቅም። ስለዚህ ሰው በማያልፍበት ቦታ የወደቀ ቁልፍ ዝም ይላል። ካርታው ላይ የምታዪው መጨረሻ የታየበትን ቦታ ነው። ሰዓቱን ሳታዪ «እዚያ ነው» ብለሽ እንዳትሮጪ። ባትሪው ዓመት ገደማ ይቆያል። ስትቀይሪው አሮጌውን ጠረጴዛ ላይ አትተዪው። እንደ ቁልፍ ክብ የሆነችው ባትሪ ሕፃን ከዋጣት ውስጡን ታቃጥላለች፣ ለሞትም ታደርሳለች።

አሁን ያሳብቅብናል ወዳልኩሽ ልምጣ። የሌላ ሰው ትራከር ካንቺ ጋር ሲጓዝ ከቆየ ስልክሽ ማስጠንቀቂያ ሊያወጣ ይችላል። በ2024 እ.ኤ.አ. አፕልና ጉግል ተስማምተው አይፎንም አንድሮይድም አንዱ የሌላውን ትራከር እንዲያውቅ አድርገዋል። ማስጠንቀቂያው ከመጣ አትደንግጪ። የተዋስሽው ጃኬት ኪስ ውስጥ የባለቤቱ ቁልፍ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ማስጠንቀቂያውን ስትነኪው ካንቺ ጋር የታየበትን መንገድ በካርታ ያሳይሻል፣ ድምፅ እንዲያሰማም ማዘዝ ይቻላል። ቦርሳሽን፣ የኮትሽን ገበር፣ የመኪናውን ወንበር ሥር ፈትሺ። ካገኘሽው ፎቶ አንሺው፣ በተለይ የተጻፈበትን ቁጥር፤ ባትሪው ከወጣ መናገር ያቆማል። ነገሩ ጥርጣሬ ካሳደረብሽ ግን ወደ ቤት አትሂጂ። ሰው ያለበት ቦታ ሁኚና ወደ ፖሊስ ደውዪ፣ ከዚያ ለእኛ።

ከሁሉም በላይ የምሰጋልሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ስልክ ከተሰረቀ ከቀናት በኋላ «ስልክዎ ተገኝቷል፣ ያለበትን ለማየት ይህን ሊንክ ይጫኑ» የሚል መልእክት ይመጣል። የሚያምር ነው፣ ካርታም ያሳያል። የላከው ራሱ ሌባው ወይም የእሱ ሸሪክ ነው። የተቆለፈ ስልክ በአካውንትሽ እስከተያዘ ድረስ እንደ ጤነኛ ስልክ አይሸጥለትም፤ ስለዚህ ፓስወርድሽን ከራስሽ አፍ ይፈልጋል። አንዳንዱ «ስልኩን ከአካውንትሽ አውጪው፣ ያኔ እመልስልሻለሁ» ብሎ ይለማመጣል፤ ሌላው ያስፈራራል። አትመልሺለት። የጠፋ ስልክ መፈለጊያውን ከእኔ ስልክ ላይ አንቺው ራስሽ እየገባሽ እናያለን እንጂ በተላከልሽ ሊንክ አንገባም። ካርታው አንድ ቤት ቢያሳየን እንኳ ሄደን በር አናንኳኳም፤ ለፖሊስ እንሰጣለን። ወንድሜን እዚህ ላይ አደራ ያዢልኝ፣ እሱ ቱግ ይላል።

የቀረው ያንቺ ውሳኔ ነው። እኛ ያለሽበትን ማየት እንድንችል ትፈልጊያለሽ? ከፈለግሽ የእኛንም ታያለሽ፣ እኩል ለእኩል። በመሃል ብታጠፊውም «ለምን?» የሚልሽ የለም። ካልፈለግሽም ትራከሩን ለቁልፍሽ ብቻ እናደርገዋለን፣ ትንሿ ልጅሽን እኔ አሳምናታለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት እደውላለሁ። ስልኩን ቻርጅ አድርጊና ሴቲንጉን አብረን እንነካካለን። ፓስወርድሽን ግን ብጠይቅሽም እንዳትነግሪኝ። አሁን የሰው ድምፅ አስመስሎ የሚደውል አለ፤ የምትሰሚው የእኔ ድምፅ ቢሆንም ዝጊውና በምታውቂው ቁጥሬ መልሰሽ ደውዪልኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ