ዐውደ ርእዩ ሲታደስ ከመግለጫ ጽሑፎቹ ይጀመር

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የክርስቲያን ወጣት ሠራተኞች ንቅናቄ ታሪክ ዐውደ ርእይ ሊታደስ መሆኑ አስደስቶናል። ሥራው ግን ከሰሌዳና ከቀለም ሳይሆን ከመግለጫ ጽሑፎቹ ቢጀመር ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የምሥረታው ዓመት ነው። የቤልጅግ ካህን ጆዜፍ ካርዳይን የመጀመሪያውን የወጣት ሠራተኞች ቡድን ብራስልስ ውስጥ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። የአሁኑ ስም የመጣው በ1924 ሲሆን፣ የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 11ኛ ይሁንታ ደግሞ በ1925 ተገኘ። ሦስቱም ዓመታት የየራሳቸው ክንውን ተጠቅሶ ይጻፉ፤ አንዱ ብቻ ሲቀመጥ ጎብኚው ከሌላ ጽሑፍ ጋር አስተያይቶ ግራ ይጋባል። ብራስልስ ውስጥ ባለው በላከን ደብር ካርዳይን ቀድመው የሠሩት ከወጣት ሴት ሠራተኞች ጋር መሆኑም መዘለል የለበትም። ከመሥራቾቹ ፈርናን ቶኔና ፖል ጋርሴ በ1945 ጀርመን ውስጥ በነበረው የናዚዎች የዳካው እስረኞች ካምፕ ሞተዋል፤ ይህ በሌሎች ፎቶዎች መካከል ሳይጠፋ ለብቻው ሰሌዳ ይሰጠው።

የዚያ ዘመን ጋዜጦች ከእንጨት ፍጭ በተሠራ ወረቀት ስለታተሙ ውስጣቸው አሲድ አለ፤ ብርሃን ሲያገኛቸው ቶሎ ይቢጫሉ፣ እጥፋታቸውም ላይ ይሰበራሉ። ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይብለጥ፤ ከሦስት ወር በኋላ ዋናው ቅጂ ተነሥቶ በጥሩ ኅትመት ይተካ። በፕላስተር አታጣብቁ፤ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ የማይለቅ ቡናማ እድፍ ይተዋል። ፎቶግራፍም መስታወቱን ሳይነካ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይራቅ፣ እርጥበት ካለ ተጣብቆ ይላጣል። ከፎቶዎቹ ጀርባ የተጻፈውን ግን ክፈፍ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ገልብጣችሁ መዝግቡ።