ድምፅ የማያሰማው ቫልቭ ነው የሚያሰጋው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በተሽከርካሪ ዓምዳችሁ ላይ የአሮጌ ናፍጣ መኪና ቫልቭ (ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው፣ ጭሱንም የሚያስወጣው መዝጊያ) መስተካከል ያለበት ሞተሩ የመንኳኳት ድምፅ ማሰማት ሲጀምር እንደሆነ የሚገልጽ ምክር አንብቤአለሁ። ጽሑፉ በጠቅላላው ጠቃሚ ነው፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ባለመኪናን የምታሳስት በመሆኗ፣ በዚሁ ስሕተት አንድ ዓመት ሙሉ የተንገላታሁ ሰው እንደ መሆኔ እርማት እንዲደረግባት ለመጠየቅ ይህን ጽፌአለሁ።

የቫልቭ ክፍተት፣ ማለትም ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ ቫልቩን በሚገፉት ክፍሎች መካከል የሚተወው ስስ ቦታ፣ በሁለት አቅጣጫ ይለወጣል። ቫልቩን ገፍተው የሚከፍቱት ካም ሻፍቱና ሮከር አርሙ ሲበሉ ክፍተቱ ይሰፋል፤ የሚያንኳኳውም ያኔ ነው። በሌላ በኩል የቫልቩ ጠርዝና መቀመጫው በየጊዜው እየተመታቱ ሲያልቁ ቫልቩ ወደ ቴስታታው (ቫልቮቹ ወደ ተቀመጡበት የሞተሩ ራስ) እየሰመጠ፣ ዘንጉም በዚያው ልክ ወደ ላይ እየወጣ ክፍተቱን ያጠበዋል። በብዙ አሮጌ ናፍጣ ሞተሮች የሚያመዝነው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ስለዚህም ነገሩ በከፋ ቁጥር ሞተሩ ጸጥ እያለ ይሄዳል፣ ባለቤቱም ሞተሩ የተስማማው መስሎት ደስ ይለዋል።

ክፍተቱ ጨርሶ ሲጠፋ ቫልቩ በደንብ መዘጋት ያቅተዋል። ናፍጣ ሞተር ብልጭታ የሚሰጠው ነገር የለውም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው አየሩ በኃይል ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ብቻ ስለሆነ፣ በቫልቩ ጠርዝ የምታመልጥ ጥቂት አየር እንኳ ጠዋት ማስነሳትን ታከብዳለች። የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው። ይህ ቫልቭ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫውን በነካባት ቅጽበት ነውና፣ ያ ሲቀር ጠርዙ ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ ቴስታታ ከማውረድ በቀር መላ የለውም።

የእኔ መኪና ባለ አራት ፒስተኗ መርሴዲስ 240 ዲ ናት። ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ታስቸግራለች፣ ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ ጥቂት ስትሞቅ ግን ምንም እንዳልነበረባት ትሆናለች። የማሞቂያ ካንዴላዎቹን አስለወጥሁ፣ ባትሪ ገዛሁ፣ ማስነሻውን ሞተሪኖ አስፈታሁ፣ ነዳጅ የሚረጨውን ኖዝል አስፈተሽሁ። የወሰድሁበት ጋራዥም ቫልቩን ጆሮውን ጣል አድርጎ ከሰማ በኋላ ድምፅ እንደሌለው አረጋግጦልኝ ሸኘኝ። በመጨረሻ የቫልቮቹን ክዳን ራሴ ከፍቼ ስለካ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.30 ሚሊ ሜትር ሊኖራቸው ከሚገቡት አራት የጭስ ማስወጫ ቫልቮች በሁለቱ የ0.15 ሚሊ ሜትር መለኪያ ብረት እንኳ አልገባ አለኝ።

ሥራው ራሱ ከትዕግሥት በስተቀር ብዙ የሚጠይቅ አይደለም። መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ ማደር አለባት፤ ልኩ የተሰጠው ለቀዝቃዛ ሞተር ነው፤ የማስገቢያው 0.10፣ የማስወጫው 0.30። የትኛው ማስገቢያ፣ የትኛው ማስወጫ እንደሆነ በግምት ከመወሰን ይልቅ ከቴስታታው ጎን የሚገቡትንና የሚወጡትን ቧንቧዎች በዓይን መከተል ይሻላል፤ ልኩን ማቀያየር ካለማስተካከል የከፋ ነውና። ሞተሩ የሚዞረው ከፊት ባለው የክራንክ ሻፍት ብሎን ላይ ቁልፍ ገብቶ፣ በተፈጥሮ አዟዟሩ ብቻ ነው፤ ለእጅ የሚቀርበውን የካም ሻፍት ብሎን ይዞ ማዞር አይገባም። የካሙ ጉብታ ከሮከር አርሙ ርቆ ሽቅብ ሲመለከት ፊለር ጌጅ የሚባለው ስስ ብረት ይገባል፤ ሲሳብ ሳይለቅም ሳይቆነጥጥም ለስለስ ብሎ መያዝ አለበት። ክፍተቱ የሚለወጠው በሁለት 14 ቁጥር ቁልፎች ነው፤ አንዱ የላይኛውን ዳዶ ይዞ ሌላው የታችኛውን መቆለፊያ ይፈታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መቆለፊያው ሲጠብቅ ልኩ ስለሚንሸራተት፣ ከጠበቀ በኋላ ዳግም ካልተለካ እንዳልተለካ ይቆጠራል። እኔ አንዱን ቫልቭ አራት ጊዜ መላልሼዋለሁ።

ልኩ ከሞተር ሞተር እንደሚለያይ፣ በአንዳንዶቹም በቁልፍ ሳይሆን ሺም የሚባል ቁራጭ ብረት በመለወጥ እንደሚስተካከል፣ በዘይት ግፊት ራሱን የሚያስተካክል ቫልቭ ያላቸው ሞተሮች ደግሞ ይህ ሁሉ እንደማያስፈልጋቸው በእርማቱ ቢጨመር መልካም ነው። ዋናው ግን መለኪያው ጆሮ ሳይሆን የኪሎ ሜትር ቆጣሪው መሆኑ ነው፤ እኔ በበኩሌ በየ24,000 ኪሎ ሜትሩ ክዳኑን እከፍታለሁ።

ቫልቮቹን ባስተካከልሁ ማግሥት መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ሁልጊዜ ጠዋት ስታስቸግረኝ የሚያይ ጎረቤቴ ግን ቆም ብሎ አዳመጠና፣ «ጋሼ፣ ምን ነካኳት? ትናንት ድምፅ አልነበራትም እኮ» አለኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ