አርክቴክቸራል ኢንጂነሪንግ ስዕል ብቻ አይደለም

ለአዘጋጁ፦

ስለ አርክቴክቸራል ኢንጂነሪንግ ትምህርትና ስራው ያወጣችሁት ጽሁፍ ሙያውን ፕላን መሳል ብቻ አስመስሎታል። አርክቴክቱ ስለ ቤቱ ቅርጽና አጠቃቀም ሲያስብ አርክቴክቸራል ኢንጂነሩ ደሞ ቤቱ እንዴት እንደሚቆም፣ መብራቱ ውሃው አየሩ በየት በየት እንደሚሄድ ነው የሚያሰላው፣ ስለዚህ ተመራቂው ስትራክቸር (የቤቱ ተሸካሚ አካል) ላይም ኤሌክትሪክ ላይም ሳይት ሱፐርቪዥን (የግንባታ ቦታ ቁጥጥር) ላይም መግባት ይችላል።

ደሴን እዩዋት እስቲ፣ ጦሳ ተራራ ስር ተዳፋት ላይ የተሰራች ከተማ ናት። ባለፈው ክረምት ሰፈራችን አንድ የድጋፍ ግንብ (አፈር እንዳይናድ የሚይዝ) ሆዱን ነፍቶ ተሰነጠቀ፣ ጠጋ ብዬ ሳየው ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አንድም የለውም፣ ከጀርባው የተጠራቀመው ውሃ ነው የገፋው። ሁለት ሶስት ቱቦ ገና ሲገነባ ቢገባበት ኖሮ እኮ ጎረቤቶቻችን ሌሊቱን በስጋት አያድሩም ነበር፣ በጣም ነው የሚያናድደው። ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ደሞ ሙቀት ነው፣ የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ ለሚውል ሰራተኛ የአየር መውጫው ጉዳይ የጤና ጉዳይ ነው።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከደሴ ማዘጋጃ ቤት ጋር ተነጋግሮ የግንባታ ዘርፍ ተማሪዎቹን በየአመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ተዳፋት ሰፈሮች ድረስ ልኮ ግንቡንና ቦዩን ከመምህሮቻቸው ጋር እንዲመዘግቡ ቢያደርግና ዝርዝሩ ለየቀበሌው ቢሰጥ ጥሩ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ