ስሙን ማን አወጣለት? (የሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ)

ክበባችን ዘንድሮም ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሲሰበሰብ ከርሟል። ግጥም አንብበናል፤ ለሚኒ ሚዲያው ጽሑፍ አቀብለናል፤ የግድግዳ መጽሔቱም ወጥቷል። የዓመቱ ዋና ሥራ ግን አጭር ልብ ወለድ መጻፍ ነበር። ከሁሉ በላይ ያከራከረን ደግሞ የስም ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ረቂቆች እዚሁ ደሴ አጠገብ ገራዶ ላይ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ናታን ይባላል፤ አያቱ ደግሞ ሶሊያና። አያት ሶሊያና! ስሞቹ ያምራሉ። ግን ደራሲዋ ነገ ለራሷ ልጅ የምታወጣቸው እንጂ የዛሬ ሰባ ዓመት የገራዶ ሰው ያወጣቸው አይመስሉም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍን፦ «ስሙን ማን አወጣለት?» ታሪኩ ውስጥ ስም ያወጣ እናት፣ አባት ወይም አያት አለ። ካሳ ወይም ማስረሻ የተባለ ልጅ፣ ከእሱ በፊት ቤቱን ሐዘን እንደጎበኘው ይጠቁማል። ደራሲውም አንድ ገጽ ማብራሪያ ይተርፈዋል።

ዘመንም አለ። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በ1950ዎቹ የሚካሄድ ታሪክ ጽፎ ጎልማሳውን ገጸ ባሕርይ «አብዮት» አለው። አብዮቱ የፈነዳው በ1966 ነው። ልጁ ትንሽ ከተከራከረ በኋላ «ይመር» ብሎ ቀየረው። ታሪኩ ወዲያው ወሎ ወሎ ሸተተን።

ክርክሩ የጦፈው በአባት ስም ነው። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ስለሆነ ደራሲ አንድ ሰው ሲሰይም ሁለት ሰው ይሰይማል። አንዷ ተማሪ ገጸ ባሕርይዋን «ኃይለማርያም ሰይድ» ስትለው ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ ልጅ «ተሳስተሻል» አላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ስም ማንን ይገርማል? ልጁ ግን አልተሸነፈም፤ «ቲቸር፣ እኔ ግራ ከገባኝ ሌላውም አንባቢ ይገባዋል» አለ። እውነቱን ነው። እሷም ማብራሪያ አልጻፈችም። አባትየው ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ ልጁን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠብቆ አብረው ወደ ቤት ሲሄዱ የሚያሳይ ትዕይንት ጨመረች። የዓመቱ ምርጥ አንቀጽ እሱ ነው፤ የኔ አስተያየት ነው።

የፈረስ ስምም ተሞክሯል። ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ከተባሉ የሸዋ በር ባጃጅ ነጂ ምን ያንሰዋል ተባለና «አባ ጡሩምባ» ሆነ። በግቢያችን ያለ ሰው ስም ግን ተከልክሏል። ምክንያቱ አንድ ታሪክ ውስጥ ያለው ሌባ የማን ሞክሼ እንደሆነ ስላወቅን ነው። እዚህ አልናገርም።

ወደ ርዕስ ስንመጣ «እንባ» እና «ፍቅር» የሌለበት ማግኘት ከባድ ነበር። «ርዕስ መጨረሻውን መደበቅ አለበት» ያሉም ነበሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን በ1958 «ፍቅር እስከ መቃብር» ብለው መድረሻውን ሽፋኑ ላይ ነግረውናል፤ ያንን አይቶ መጽሐፉን የተወው አንባቢ ማን ነው? ርዕስ ደግሞ ከደራሲው እጅ ሊወጣም ይችላል። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1900 ሮም ሲታተም «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ኋላ በዋና ገጸ ባሕርይዋ በ«ጦቢያ» ታወቀ፤ «ልብ ወለድ» ደግሞ የድርሰቱ ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

የተማሪዎቹ ታሪኮች ተተይበው፣ ተጠርዘው ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል። ለስብስቡ ርዕስ ድምፅ ሰጥተን እኩል ለእኩል ስለወጣን ሽፋኑ ላይ ያለው የክበቡ ስም ብቻ ነው። ጥሩ ርዕስ ያለው ተማሪ መስከረም ላይ ይምጣ።